የባባ ሲቶሌ ምልምሎች

ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት ከቤሪያ ሰፈር ወደ ጂፒ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ከጎኔ ተቀመጠ። ጂፒ የምንለው የአገራችን ሰዎች ሱቅ ከሱቅ አጠጋግተው የሚነግዱበትን የመሃል ጆሃንስበርግ ጎዳና ነው፤ እኔም በርበሬና ኮረሪማ ልገዛ መሄዴ ነበር። ወጣቱ ቁምጣ ለብሷል፤ ካልሲውን ወደ ታች ጠቅልሎ ጉልበቱን በቅባት ያሻል። ያ ቅባት ዓይን የሚያስነባ፣ ካምፎርና ባሕር ዛፍ የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ አለው። ሾፌሩ በዙሉ "ወንድሜ፣ ልትገድለን ነው? መስኮቱን ክፈት እንጂ!" ሲለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መስኮቱ ባይከፈት በወደድኩ። የድሮው ወጥ ቤቴ፣ በረንዳው ላይ ተገልብጠው የሚደርቁት ታኬታ ጫማዎች፣ በጠዋት ድስት እየከፈቱ የሚያሸቱት ረጃጅም ልጆች ሁሉ በዚያ ሽታ ውስጥ መጡብኝ። መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄድኩና በእግሬ ተመለስኩ።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም። የዓለም ዋንጫ ወደዚህ አገር ሊመጣ ነው እየተባለ ወሬው የሚሞቅበት ጊዜ ነበር። ሰው በጥቂት ሳንቲም ታክሲ ይሳፈር ነበር። ጥግ ላይ ላስቲክ ዘርግታ ከምትቀመጠው ሴትዮ ደግሞ ማግዊንያ፣ ያ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስለው በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ በአንድ ዳቦ ዋጋ ቤተሰብ የሚያጠግብ ይገኝ ነበር። ወጣቶቹ ዙሪያዋን የተሰፋች የጨርቅ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥፈው፣ ጫማቸውን በጥርስ ብሩሽ አጥበው ነው ከቤት የሚወጡት። ከታችኛው ፎቅ ክዋይቶ፣ ያ የወጣቶቹ የጭፈራ ሙዚቃ፣ ግድግዳውን ይደበድበዋል፤ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ የሆሳዕና መዘምራን ካሴቴን እከፍትበታለሁ። ጎረቤቶቼ ሁለቱ ሲደባለቁ የሚወጣውን ነገር ለምደውት ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ በስልክና በጆሮ መሰኪያ ሆኗል፤ ሰው ጎረቤቱ ምን እንደሚሰማ አያውቅም። በመስከረምና በጥቅምት መሃል መንገዱን ወይን ጠጅ አበባ የሚያለብሱት ዛፎች ብቻ እንደድሮው ናቸው።

ባለቤቴ ጴጥሮስ ነፍሱን ይማርና ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ከአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ በብረት መስኮት ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ናት። እዚያው ያድርና እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ይመጣል። እኔ ቤሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቼ፣ ትርፍ ክፍሎቹን ለአገር ልጆች አከራይ ነበር። ባባ ሲቶሌ የጴጥሮስ ደንበኛ ነበሩ፤ እዚህ ትልቅ ሰውን ወንዱን ባባ፣ ሴቷን ማ ብለው ነው የሚጠሩት። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ማዕድን ቆፋሪዎቹ በሚያቋቁሟቸው የኳስ ቡድኖች ተጫውተው አንድ ጉልበታቸውን እዚያ ጥለው መጥተዋል። በዚያን ጊዜ የአንድ ትንሽ ፕሮፌሽናል ክለብ አሰልጣኝ ነበሩ። ክለቡ የሚጫወተው ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። በየዓመቱ ከየሰፈሩና ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ወጣት ጠርቶ ይፈትናል፤ ጥቂቶቹን መርጦ ያስፈርማል። እነዚያን ነው ምልምል የምንላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባባ ሲቶሌ በጴጥሮስ ጠቋሚነት ደጄን አንኳኩ። ክረምትም በጋም የማይለያቸውን ቡናማ የሱፍ ካፖርታቸውን ለብሰዋል።

"ማ ታደለች፣" አሉኝ፣ "ምልምሎቼ የሚያድሩበት ቤት እፈልጋለሁ። የሚያበላቸውና በጊዜ ተኙ የሚላቸው ሰው ያለበት።"

"ስንት ናቸው?"

"አራት ናቸው። የሚበሉት ግን እንደ ስምንት ነው።"

ሳቅሁና እሺ አልኩ። ክለቡ ለሁለት ክፍሎች ተዋዋለ፤ ልጆቹ እስከ ውድድሩ ዓመት መጨረሻ እኔ ዘንድ ሊቆዩ።

ከአራቱ የሁለቱን ነገር ላውጋችሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ይተኙ የነበሩትን። አንደኛው ካትሌጎ ነው። ከሰሜን፣ ከሊምፖፖ ገጠር የመጣ ግብ ጠባቂ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ልጅ። ሁለተኛው ሙባረክ የእኛው አገር ልጅ ነው። አባቱ ነስሩ ከስልጤ የመጣ፣ ጂፒ ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እኔ ከሆሳዕና፣ እሱ ከስልጤ፤ አማርኛ ለሁለታችንም የተዋስነው ቋንቋ ነበር፤ ግን ሁለታችንም የምንገናኘው በእሱ ነው። እኩያሞች ስለሆንን አንተ አንቺ እንባባላለን። ሙባረክ በልጅነቱ መጥቶ ኳስን የተማረው ከአባቱ መጋዘን ኋላ፣ ካርቶን በሚጣልበት መተላለፊያ ውስጥ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ኳሷን ከእግሩ የሚነጥቀው አልነበረም። ከእኔ ጋር አማርኛ ያወራና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ከካትሌጎ ጋር ደግሞ ግማሹ ዙሉ ነው። ሁለቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተዋደዱ። ማታ ፓፕ፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ በእኔ የሥጋ ወጥ ሲበሉ ድስቱ ሳይታጠብ ይጸዳል። ሥጋውን ለሙባረክ ብዬ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር የምገዛው።

እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ጴጥሮስ ጨዋታ በራዲዮ እየሰማ ሲጮህ የሰማሁትን ያህል ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ግን ብርቱካን ይዤላቸው ወደ ልምምድ ሜዳው እሄድ ጀመር። ሜዳው ከወርቅ ማዕድኑ የወጣ ቢጫ አፈር ተራራ ሆኖ በተቆለለበት ሥር ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም ሰው ቢጫ ይሆናል። እዚያ ያየሁት ነገር በመጀመሪያ አናደደኝ። ሌላው ይሮጣል፣ ይጋጫል፣ ይወድቃል። ሙባረክ ግን ከባባ ሲቶሌ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"አሁን ማን ብቻውን ነው?" ይሉታል ባባ ሲቶሌ።

"በግራ ያለው።"

"ዘገየህ። ኳሷን ነው ያየኸው። ኳሷ የትም አትሄድም፣ ተዋት። አሁንስ?"

እንዲህ ሲባባሉ ልምምዱ ያልቃል። ሜዳ ሲገባ ደግሞ ኳሷን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይነካ ይከለክሉታል። ይህ ልጅ አምስት ሰው አታልሎ የሚያልፍ፣ ለዚያም ብለው የመለመሉት ነው፤ እሳቸው ግን የሚያውቀውን ሁሉ ነሥተውት አንድ የማያውቀውን ያስተምሩታል። ካትሌጎን ደግሞ ከጎሉ ወጥቶ ኳስ መያዝ ስለሚፈራ፣ ሜዳው መሃል ድረስ እያወጡ ብቻውን ያቆሙታል። ቤታችን ውስጥም ነገሩ መቀለጃ ሆነ። ካትሌጎ ድስት ውስጥ በተረፈች ሥጋ ላይ ጣቱን ቀስሮ "አሁን ማን ብቻውን ነው?" ይላል፤ ሙባረክ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሥጋዋ ትጠፋለች።

አንድ ረቡዕ ብርቱካኑን አስቀመጥኩና ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። "ባባ፣ ይህ ልጅ መቼ ነው የሚጫወተው? ወንበር ላይ ሊያረጅ ነው እኮ።"

"ማ ታደለች፣ እኔ ብዙ ልጅ ካበላሹ አሰልጣኞች ጋር ነው የኖርኩት፣" አሉኝ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ። "ገና በጥሬው ያወጡታል፣ ሁለት ጨዋታ ያጨበጭቡለታል፣ ሦስተኛው ላይ ይጥሉታል። እኔ እንደዚያ አላደርግም። ጊዜው ሲደርስ እሱ ራሱ ያስታውቀኛል።"

ነስሩ ግን እንዲህ ዓይነት ጊዜ አልነበረውም። ልጁ የበኩር ልጅ ነው፣ ሱቁ ሰው ይፈልጋል። አንድ እሑድ፣ ባባ ሲቶሌ ለምሳ እኛ ቤት ተጋብዘው ሳለ መጣ። ነጭ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ጴጥሮስ ያቀረበለትን ሻይ አልነካም። ዙሉን በገበያ ስለለመዳት ለመገበያየት እንጂ ለመለማመጥ አያውቅባትም። ስለዚህ ትልቁን ነገር በእኔ በኩል አስተረጎመ።

"ንገሪልኝ፣" አለኝ። "ልጄ ሊጫወት ነው ብዬ ሰደድኩት። ተቀምጦ ሌላው ሲጫወት ያያል አሉኝ። መቀመጥ ከሆነ ሱቄም ወንበር አለው።"

ነገርኳቸው። ባባ ሲቶሌ ሥጋቸውን አኝከው ጨረሱ።

"አንተ እዚህ አገር ስትመጣ ምን ነበር የምትሠራው?" ብለው ጠየቁት በቀጥታ።

"ብርድ ልብስ ተሸክሜ ቤት ለቤት እዞር ነበር።"

"ሱቅ እስክትከፍት ብዙ ጊዜ ፈጀ?"

ነስሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረውም። "ብዙ። ውሻ ነክሶኛል፣ ተዘርፌያለሁ። አጎቴ ዕቃውን በዱቤ ባይሰጠኝና ዝም ብሎ ባይጠብቀኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም።"

"ልጅህን እስከ ውድድሩ መጨረሻ ተውልኝ። እኔም ዝም ብዬ ልጠብቀው።"

ነስሩ እኔን አየኝ። እኔም ያሰብኩትን በአማርኛ ነገርኩት፦ "ነስሩ፣ ልጁ ቤቴ ነው የሚያድረው። ሲጋራ አያጨስም፣ አያመሽም፣ ሶላቱን አይተውም። የባከነብህ ነገር የለም። ተወው።" ሻዩን አነሣና ጠጣ። መልሱ ያ ነበር።

ቡድኑ ግን ክረምቱ ሲገባ መሸነፍ ጀመረ። እዚህ ክረምት የሚገባው በእኛ አገር አቆጣጠር ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፣ ልጆቹ ከአልጋ ሲነሡ አፋቸው ይጨሳል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ሰው ነበር፣ ጫፉ ሾጣጣ ጫማ የሚያደርግ፣ በሁለት ስልክ የሚያወራ። ክፉ ነበር አልልም፤ ከላይ የሚያስጨንቁት ባለ ገንዘቦች ነበሩበት። ቡድኑ ከዲቪዚዮኑ እንዳይወርድ ፈራና አንድ ቅዳሜ "ምልምሎቹን በሙሉ አሰልፍ፣ ደጋፊው አዲስ ፊት ይፈልጋል" ብሎ አዘዘ። ባባ ሲቶሌ ገና ናቸው አሉ። አልሰማቸውም።

ያን ቀን ጴጥሮስ ሱቁን ዘግቶ መጣና አብረን ስታዲየም ገባን። ያየሁትን መዘርዘር አልፈልግም። አምስት ለባዶ ተሸነፍን። ካትሌጎ ከጎሉ ወጥቶ መመለስ አቃተው። ሙባረክ ደግሞ የተማረውን ረስቶ ወደ መተላለፊያው ጨዋታው ተመለሰ፤ አንገቱን ደፍቶ እያታለለ ሁለት ጊዜ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ተቀማ፣ ሁለቱም ጎል ሆኑ። ከኋላችን የተቀመጡት ደጋፊዎች "መኩዌሬኩዌሬ!" እያሉ ይሰድቡት ጀመር፤ ከሌላ አገር የመጣን ሰው የሚያዋርዱበት ቃል ነው። ጴጥሮስ ሊነሣ ሲል እጁን ያዝኩት። ባባ ሲቶሌ ልጁን አላስወጡትም። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሜዳ ላይ አቆዩት። ያን ጊዜ ጭካኔ መሰለኝ። በኋላ ስጠይቃቸው "በስድብ መሃል አውጥቼው ቢሆን ተመልሶ አይገባም ነበር" አሉኝ።

በማግስቱ ሙባረክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ልብሱን ሲያጥፍ አገኘሁት።

"እትዬ፣ አባቴ ልክ ነበር። ሱቅ እገባለሁ። አይ አም ዳን፣ በቃኝ።"

"ማን አሰናበተህ?"

"ማንም። እኔው ራሴ።"

"እንግዲያው ማንም ካላሰናበተህ ተነሥና ሽንኩርት ላጥልኝ፤ የሰው እጅ ቸግሮኛል። ስታለቅስም በሽንኩርቱ ታሳብባለህ።"

ተነሣ። ላጠ። አለቀሰም። ካትሌጎ መጥቶ አጠገቡ ቆሞ ሌላ ቢላ አነሣ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ሙባረክ ዛሬ ክፍሉን እንደሚለቅ፣ በአልጋው ላይ ከሌላ ክለብ የመጣ የበሰለ አማካይ እንደሚገባ ነገረኝ። ሙባረክ ከኋላዬ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ይሰማል። የዚያ ቀን ድፍረቴ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። በሩን በእጄ ደገፍኩ።

"ውላችን እስከ ውድድሩ መጨረሻ ነው።"

"ማማ፣ ይህ ሥራ ነው።"

"የእኔም ሥራ ነው። ልጁን ገና ሲበላና ሲተኛ ማየት ጀመርኩ፤ ገና ትከሻው መስፋት ጀመረ። ዘር ዘርተህ በሳምንቱ አፈሩን ትቆፍራለህ? ከዚህ አልጋ እሱን አስነሥተህ ሌላ ሰው አታስተኛም። የግድ ካልክ አራቱንም ይዘህ ውጣ፣ ለአራቱም ማደሪያ ፈልግ።"

አራት ሰው በአንድ ከሰዓት የሚያሳድርበት ቦታ እንደሌለው አውቅ ነበር። አንዱን ስልኩን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከአሰልጣኙ ጋር እነጋገራለሁ ብሎ ወረደ። በሩን ዘጋሁ። ሙባረክም እሑድ ያጠፈውን ልብስ መልሶ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባ።

በማግስቱ ልምምድ ሜዳ ላይ የሆነውን የነገረኝ ካትሌጎ ነው፤ ቡድኑ ሁሉ ቆሞ ሰምቶታል። ሥራ አስኪያጁ ሙባረክ እንዲሰናበት ጠየቀ። ባባ ሲቶሌ ቅዳሜም እንደሚያሰልፉት ነገሩት።

"ብንሸነፍስ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ያን ጊዜ እኔን አሰናብት። እሱንና ሌሎቹን ምልምሎች ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አትነካቸውም። በሰው ፊት ቃልህን ስጠኝ።"

ሰጣቸው። ቅዳሜ ሙባረክ ተሰለፈ፤ ከፊተኛው ይሻላል፣ ግን ገና ይፈራል። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ሰኞ ዕለት ባባ ሲቶሌ ተሰናበቱ። ሥራ አስኪያጁ በሁለቱም በኩል ቃሉን ጠበቀ፤ ይህንን ልመሰክርለት ይገባል።

ልጆቹ ሲሰሙ ማክሰኞ ልምምድ አንሄድም አሉ። አራቱም በጠዋት ወጥ ቤቴ ውስጥ ተኮልኩለው ተቀመጡ፤ ጫማቸውን እንኳ ከበረንዳው አላነሡም። እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ስለነበር ሂዱ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ለጴጥሮስ ደወልኩ፣ ጴጥሮስ በሶዌቶ ለባባ ሲቶሌ ነገራቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የአንድ እግር ጎተት፣ ጎተት ሰማሁ። አሳንሰሩ ከተበላሸ ብዙ ጊዜው ነበር። ባባ ሲቶሌ በር ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በላብ ርሷል፤ ለመናገርም ትንፋሽ ጠበቁ። ውኃ ሰጠኋቸው።

"ሰዓቱ ስንት ነው?" አሉ።

"ሦስት ሰዓት ተኩል፣" አለ ካትሌጎ ዓይኑን ሰብሮ።

"ልምምድ አራት ሰዓት ነው። ለምን እዚህ ትቀመጣላችሁ?"

"ባባ፣ ስለ እርስዎ ነው፣" አለ ሙባረክ። "ያባረሩዎት በእኔ ምክንያት ነው። እንዴት ብዬ እሄዳለሁ?"

"ስማኝ ልጄ። እኔ ሥራዬን የሸጥኩት ለእነዚህ ለቀሩት ወራት ነው። ዛሬ ከቀራችሁ የገዛሁትን ጣላችሁብኝ ማለት ነው። ለእኔ ማዘን ከፈለጋችሁ ውድድሩ ካለቀ በኋላ እዘኑ። አሁን ጫማችሁን አንሡ።"

ካትሌጎ መጀመሪያ ተነሣ። ከዚያ ሁሉም። ደረጃውን ሲወርዱ የታኬታቸው ድምፅ እስከ ታች ተሰማን። ባባ ሲቶሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩና "ማ ታደለች፣ ከትናንቱ ወጥ የተረፈ አለ?" አሉኝ። እኔም አሞቅኩላቸው።

አዲሱ አሰልጣኝ ወጣት ነበር፤ መጀመሪያ ልጆቹን ከነመኖራቸውም ረሳቸው። ሙባረክ ተመልሶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግን አሁን ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ ካትሌጎ አጠገቡ ሆኖ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያያል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ አማካይ ተጎዳና ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አስገቡት። በሚቀጥለው ጨዋታ ትንሽ ቀደም ብለው አስገቡት። ከዚያ በቋሚነት ተሰለፈ። እንዲህ ነው የሆነው፤ በአንድ ቀን የተለወጠ ነገር የለም። አሸነፍን፣ ተሸነፍን፣ አቻ ወጣን፤ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ላለመውረድ አቻ መውጣት ይበቃን ነበር።

በዚያ ጨዋታ ነስሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ገባ። እኔ አጠገቡ፣ በእኔ በኩል ጴጥሮስ፣ ከፊታችን ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጠው የገቡት ባባ ሲቶሌ ከነካፖርታቸው። ተቃራኒዎቹ ቀድመው አገቡብን። ከዕረፍት በኋላ ሙባረክ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ደረሰው፤ ሁለት ሰው መጣበት። ደጋፊው ሁሉ "እለፍ! እለፍ!" ይላል። እሱ ግን ኳሷን አንዴ ነክቶ ከማናችንም ዓይን ውጭ ወደ ነበረ ጥግ ሰደዳት። እዚያ አንድ የእኛ ልጅ ብቻውን ቆሟል። ከዚያ ወደ መሃል፣ ከዚያ መረብ ውስጥ። ባባ ሲቶሌ አልጮሁም፤ ዘንግ የሚያህል ጣታቸውን ወደ ጥጉ ዘርግተው እንዳመለከቱ ቀሩ። በመጨረሻዋ ደቂቃም ካትሌጎ ከጎሉ ወጥቶ በሰው ትከሻ ላይ ኳሷን ያዛት። አንድ ለአንድ አለቀ። ክለቡ በዲቪዚዮኑ ቆየ።

ሕዝቡ ሲወጣ ነስሩ ከመቀመጫው አልተነሣም። በዚያ ቀን ባባ ሲቶሌ ለምን ከታች አሰልጣኞቹ ቦታ እንዳልተቀመጡ ሲጠይቀኝ ነበር የነገርኩት፤ እስከዚያ ሙባረክም ደፍሮ አልነገረውም። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የባባ ሲቶሌን ትከሻ ነካ። በገበያ ዙሉው፣ ያለ እኔ፣ ተናገራቸው።

"እርስዎ በልጄ ምክንያት ሥራዎን አጥተዋል። ለምን አልነገሩኝም?"

ባባ ሲቶሌ ዞር አሉ። "ብነግርህ ልጁን ወዲያው ትወስደው ነበር።"

ነስሩ ኮፍያውን አወለቀና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ የእኛ አገር ሰው አባቱን እንደሚጨብጥ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። ሜዳ ውስጥ ሙባረክ ወደ እኛ እያየ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙባረክ በዚያ ክለብ ከአሥር ዓመት በላይ ተጫወተ። ዝነኛ አልሆነም፣ አውሮፓም አልሄደም፤ ግን የቡድኑ አምበል ሆነ፣ ያ የሰደበው ደጋፊ ስሙን ጠርቶ ዘፈነለት። ዛሬ የአባቱን ሱቅ ከወንድሙ ጋር ይመራል፤ ነስሩ አርጅቶ አገር ቤት ገብቷል። ካትሌጎ ትከሻው ተጎድቶ ቀደም ብሎ አቆመና ሊምፖፖ የስፖርት አስተማሪ ሆነ። ባባ ሲቶሌ ሌላ ክለብ አልጠራቸውም። እስኪሞቱ ድረስ በሶዌቶ የሰፈር ልጆችን በነጻ አሰለጠኑ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት መካከል ሁለቱ የእኔ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ረጅም ስለሆነ ሣጥኑ ወደ ሌሎቹ አዘንብሎ አስቸገራቸው፤ በዚያ ኀዘን መሃል ሁለቱ ተያይተው ፈገግ ሲሉ አየሁ።

ልጄ ሩት ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ትኖራለች። ሱቅ አላት፣ ግቢዋ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ክፍል አሠርታለች። "እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ ቤሪያ ምን ትሠሪያለሽ? ፕሊስ፣ ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰፈሩ ተጎሳቁሏል፣ ጴጥሮስም የለም፣ ደረጃውን ስወጣ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። እኔም ወደ መስማማቱ ነበርኩ።

ከዚያ የታክሲ ጉዞ በኋላ ግን ለሙባረክ ደወልኩ። ክለቡ ዘንድሮም ምልምሎች እንዳሉት፣ የት እንደሚያድሩ ጠየቅሁት። ራቅ ባለ ሰፈር በየዘመዱ ተበትነዋል አለኝ። ባለፈው ሐሙስ የክለቡን የአሁን አሰልጣኝ ይዞልኝ መጣ። ጨዋ፣ ፈጣን፣ ሁሉን በስልኩ ላይ የሚያሰላ ወጣት ነው። ክፍሎቹን አየ፣ ፍራሾቹን ተጫነ፣ ደስ አለው።

"ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ልጆች ልስደድልሽ?" አለኝ።

"ስደዳቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርህ። እዚህ የገባ ልጅ ውድድሩ ሳያልቅ አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ተሸነፍክና ማክሰኞ ላሰናብት ብትል በሬ ላይ ታገኘኛለህ።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሙባረክ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። አሰልጣኙ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና ሳቁን ቀስ አድርጎ ሰበሰበው። "እሺ፣ ማማ፣" አለ።

ማታ ለሩት ደውዬ ለእኔ ያሠራችውን ክፍል እንድታከራየው ነገርኳት።